አዋሽ ላይ የቀረሁ ዕለት

አያቴ ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሰመራ ነው። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እናቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ሁለቱም ሥራ ይዘው ከደጋ ወርደው እዚያው ተዋውቀው የተጋቡ ናቸው። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ደግሞ አዳማ ነበረች። ባሏ በወጣትነቷ ሞቶባት፣ በአንዲት የስፌት መኪና የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም እየሰፋች እናቴንና አጎቴን ያሳደገች ሴት ናት። እኛ ጋ ሰመራ አንድ ጊዜ ብቻ መጥታለች። ሙቀቱን አልቻለችውም። አንሶላ በውሃ ነክራ ትለብስና “እናንተ ምን በድላችሁ ነው እዚህ ያመጧችሁ?” ትለን ነበር። ሳምንት ሳትቆይ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ የምናያት እኛ ስንሄድ ነው።

የሞቷ ወሬ በስልክ የደረሰው ለአባቴ ነው። ለእናቴ ግን የተነገራት ሌላ ነበር፤ እናትሽ በጠና ታማ ሆስፒታል ገብታለች፣ ሲነጋ እንነሳለን ተባለች። ያኔ መርዶ እንደዚያ ነበር። መንገድ የሚቀረው ሰው እንዳይደነግጥ ይደበቃል፤ የሚነገረው ቤቱ ደርሶ፣ ደጋፊ ሰው በግራ በቀኝ ቆሞለት ነው። አባቴ የሚያጽናና ሰው እንዳይደውልላት ስልኳን ጭምር ወስዶ አጠፋው። ባትሪውን እንቆጥብ፣ የእኔ ይበቃናል አላት። እሷም ዝም አለች። ዛሬ ሳስበው ሳትጠረጥር የቀረች አይመስለኝም። የማትፈልገውን ነገር ላለማወቅ ዝም ያለች ይመስለኛል።

ጎህ ሲቀድ እዚያው አጠገባችን ሎጊያ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ መጣ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ አቧራ ገባብኝ አለ። አንድ የአባቴ የሥራ ባልደረባም ከሚስቱ ጋር በራሱ መኪና ደረሰ። እኛም ለጉዳይ አዲስ አበባ ልንሄድ ነው፣ አብረን እንውጣ አሉ። በአባቴ መኪና አጎቴ ከፊት ተቀመጠ፤ እናቴ የኋላውን ወንበር ይዛ ሕፃኑን ወንድሜን ጭኗ ላይ አስተኛች። እኔ ከባልና ሚስቱ ጋር ሆንኩ። ሴትዮዋ የቅርብ ጎረቤታችን ናት፤ ከልጆቿ ጋር ነው የምጫወተው፤ ቤቷን እንደ ቤቴ ነው የማውቀው። እግሯ ሥር ባለው ቦርሳ ውስጥ ጥቁር ልብስ ታጥፎ አየሁ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሚሌን፣ ገዋኔን አልፈን ስንሄድ ወደ እናቴ መኪና መዛወር አማረኝ። ደጋግሜ ስለጠየቅኋት ሴትዮዋ ተስፋ ሰጠችኝ፤ አዋሽ ምሳ በልተን ስንነሳ ከእናትሽ ጋር ትሆኛለሽ አለችኝ። ይህቺ ቃሏ ናት ኋላ ያሳሳተቻት።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የደረስነው ቀትር ላይ ነው። የአውቶቡስ መንገደኞችና የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበት አንድ ሆቴል ግቢ ገባን። እናቴ ምግብ አልቀመሰችም፤ ከመኪናውም አልወረደችም። እኔ በልቼ እጄን ልታጠብ ከኩሽናው ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ሄድኩ። አጎቴ ከውሃ ታንከሩ ሥር ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶኝ በስልክ ያወራል። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ይሁን፣ እንደርሳለን ይላል። እሷ ገና አላወቀችም፣ ደጃፍ ስንደርስ እንነግራታለን ይላል። ከዚያ የእናቱን ስም ጠራና ድምፁ ተቆረጠ።

እጄን እንደዘረጋሁ ውሃው እየፈሰሰ ቆምኩ። ዘወር ሲል አየኝ። መጥቶ ፊቴ ተንበረከከና ትከሻዬን ያዘ።

“ሰምተሻል?” አለኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

“ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። መንገድ ላይ ከሰማች ልቧ ቀጥ ይላል።”

እሱ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚለው ነው። እኔ ግን ቃሉን እንዳለ ወሰድኩት። እናቴ ከሰማች ልቧ ይቆማል፤ ልቧ ከቆመ ትሞታለች። ዕንባዬ መጣ። እንዲህ ሆኜ ካየችኝ ምን ሆነሽ ነው ብላ ትጠይቀኛለች፤ ከጠየቀችኝ መዋሸት አልችልም። ስለዚህ እሷ ከተቀመጠችበት መኪና በተቃራኒ፣ በጓሮው በር ወጣሁ።

ከሆቴሉ ብዙም ሳይርቅ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አለ። ባቡር ከቆመበት ከርሟል፤ በሐዲዱ መሐል ሣር በቅሏል። ከአንድ ግንብ ኋላ ጥላ አገኘሁና ተቀመጥኩ። የአያቴን ሞት አልቅሼ ልጨርሰውና ፊቴን ጠርጌ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ልጅ ነኝ፣ ለቅሶ እንዲህ ተጨርሶ የሚነሡበት ነገር መስሎኝ ነው። ቶሎ አልወጣልኝ አለ። ባለፈው ዓመት የለካችልኝ ቀሚስ፣ አፏ ውስጥ ይዛው የምትሰፋው መርፌ፣ ሁሉም ይመጣብኛል። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ፊቴን በቀሚሴ ጠርጌ ስመለስ ሁለቱም መኪኖች የሉም።

የሆነው እንዲህ ነው። እናቴ ስለቸኮለች አባቴ ቀድሞ ወጣ። እሱ እኔን ከባልና ሚስቱ ጋር ያለሁ ነው የመሰለው፤ ስንመጣም እነሱ ጋ ነበርኩ። ጎረቤታችን ደግሞ የአባቴ መኪና ሲወጣ አይታ ልጅቷ የተመኘችውን አገኘች አለች። ባሏ ነዳጅ ቀድቶ ተከተለ። ማንም ሰው ክፉ አላሰበም፤ የሁሉም ልብ አዳማ ነበር።

መኪኖቹ የቆሙበት ቦታ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ስለዚያች ደቂቃ ሰዎች ሲጠይቁኝ ፈራሁ ነው የምላቸው። ፈርቻለሁ። ግን ከፍርሃቱ ጋር ሌላም ነገር ነበር፤ እናቴ ፊቴን ሳታየው ሄደች፣ ተረፈች የሚል። ሁለቱም አንድ ላይ ደረቴ ውስጥ ነበሩ።

ከሆቴሉ በር አጠገብ ለሾፌሮች ሩዝና ፓስታ የምትሸጥ የወሎ ሴት ነበረች፤ ከሚሴ ነው አገሯ። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ ከምግብ ቤቷ ስትወጣ አየችኝና መጣች። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። እዚህ የነበሩት መኪኖች አልኳት እንጂ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ዙሪያውን አየች፣ ገባት። እጄን ይዛ ወደ ጥላው አስገባችኝና ውሃ ሰጠችኝ። ለሆቴሉ ዘበኛ ልጅ ፈልገው የሚመጡ ሰዎች ካሉ እኔ ጋ ናት በል አለችው፤ ለኬላው ፖሊሶችም እንዲነግሩ በዚያ በኩል ለሚያልፍ ሾፌር አደራ አለች።

የእናቴን ስልክ ቁጥር በቃሌ አውቀው ነበር። ደወለች፤ ዝግ ነው። ደጋግማ ደወለች። የአባቴን አላውቀውም። እሷ ስትደውል እኔ ቀሚሷን ይዤ ካነሣችው እንዳትነግሪያት እላለሁ። ምኑን ነው የማልነግራት አለችኝ። ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ አያቴ መሞቷን፣ እናቴ አለማወቋን፣ ከሰማች ልቧ ቀጥ እንደሚል።

ስልኩን አስቀመጠችው። “ኢና ሊላሂ” አለች በዝግታ። አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ወስዳ ደረቷ ላይ አደረገችው።

“ይመታል?” አለችኝ።

ይመታል አልኳት።

“የእኔም እናት ሞታለች። ስትሞት እኔ ሩቅ ነበርኩ፤ የነገሩኝም መንገድ ላይ ነው። ልቤ ግን ይኸው። የእናትሽም አይቆምም የኔ ሆድ፤ አብሽሪ።”

እጄን ወዲያው አላነሣሁትም። እሷም አላንቀሳቀሰችውም። ሾፌሮች ሒሳብ ሲጠሯት እንኳ በዓይኗ ጠብቁ አለቻቸው።

የእነሱን መንገድ ኋላ ካደግሁ በኋላ ከአባቴ አፍ ነው የሰማሁት። መተሐራን አልፈው ወለንጪቲ ሲቃረቡ እናቴ ከኋላ ሆና የልጄን ድምፅ አሰሙኝ አለች። ምን እንደታያት አታውቅም፤ ድምፄን መስማት ብቻ ፈለገች። አጎቴ ለባልና ሚስቱ ደወለና የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ያዘላት። ጎረቤታችን “እናንተ ጋ አይደለችም እንዴ?” አለች።

አባቴ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አወጣ። ሌላኛውም መኪና ደረሰ፤ ጎረቤታችን እየጮኸች ወረደች። አጎቴ ወዲያው መላ አመጣ። እነሱ ተመልሰው ልጅቷን ያምጡ፣ እኛ እንቀጥል አለ። ለሰው ሁሉ ትክክል የሚመስል ሐሳብ ነው። እናቴ ግን የመኪናውን በር ይዛ ወደ አዋሽ ዙሩ አለች። አጎቴ ለመናት። እጇን ያዘ። እናታችን እየጠበቀችሽ ነው አላት።

“እናቴ ሆስፒታል ናት፤ ሐኪም አላት። ልጄ አሁን ማን አላት?” አለችው።

አጎቴ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። አባቴ ይህን ሲነግረኝ እንዲህ አለኝ፤ መሪውን ስጠመዝዝ ከእናቷ ቀብር እያራቅኋት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ያኔውኑ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። አጎቴ ከባልና ሚስቱ መኪና ገብቶ ወደ አዳማ ቀጠለ። አንድ የእናቷ ልጅ ቀብሩ ላይ መገኘት ነበረበት። አባቴና እናቴ ሕፃኑን ይዘው ወደ ኋላ ተመለሱ።

መኪናው ሳይቆም ነው እናቴ የወረደችው። አቀፈችኝ። ከዚያ ራቅ አድርጋ ክንዴን፣ እግሬን፣ ራሴን አገላብጣ አየች። ምንም እንዳልሆንኩ ስታረጋግጥ እንደገና አቀፈችኝ። የምግብ ቤቷን ሴት እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ እያለች እጇን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ያቺ ሴት ግን ትከሻዋን ይዛ ቀና አደረገቻት። ዓይኗን ሸሸቻት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ቁጣ አልነበረባትም።

“ለምን ከመኪናው ራቅሽ፣ ልጄ?”

“ሳለቅስ እንዳታዪኝ ብዬ።”

“ለምንድን ነው የምታለቅሽው?”

የምግብ ቤቷን ሴት አየሁ። እሷ አባቴን አየችው። እናቴ የእኛን ዓይን ተከትላ እሱ ላይ ደረሰች። አባቴ ኮፍያውን አወለቀ።

“ዐረፈች” አላት። “ትናንት ማታ።”

እናቴ አልጮኸችም። “ቀብሩስ?” ብቻ አለች። አባቴ ሰዓቱን አየና አቀረቀረ። ያኔ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ሮጬ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ። ይመታል። በኃይል ይመታ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ድምፅ የወጣት፤ ያን ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም።

የምግብ ቤቷ ሴት እናቴን ደግፋ ወደ ጓዳዋ አስገባቻት። ገበያ በሚደምቅበት ሰዓት ቤቷን ዘጋች። ሾፌሮቹ ሳህናቸውን ይዘው ውጭ ግንቡ ላይ ተቀመጡ፤ ማንም አላጉረመረመም። ወዲያው የሰፈሩ ሴቶች መጡ። አንዷ የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ፣ አንዷ ከጎን ሱቅ ያላት፣ አንዷ ወተት ልትሸጥ የመጣች አፋር። እናቴን የሚያውቃት የለም። ከበው ተቀመጡ። እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበረች ብለው ጠየቋት። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ስለ ስፌት መኪናዋ፣ ዩኒፎርም መግዣ ለሌለው ልጅ ከቅሪት ጨርቅ ቀጥላ ስለምትሰፋው ነገረቻቸው። አንድ አንዱን እያነሣች አለቀሰች፤ እነሱም አይተዋት ለማያውቋት ሴት አለቀሱ። ወተት ሻጯ አማርኛዋ ጥቂት ነበር፤ ጨርቅ የሚለውን ቃል ብቻ እየደገመች እንባዋን ትጠርጋለች። ወንድሜ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ቀብሩ የተባለበት ሰዓት ካለፈ ቆይቶ የአባቴ ስልክ ጮኸ። አጎቴ ነው። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሰማውና ስልኩን ዘጋ። እናቴ ቀና ብላ አየችው።

“አፈር አለበሷት?”

“አዎ።”

ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። የምግብ ቤቷ ሴት ተነሥታ እጅና እግሯን ታጥባ ውዱእ አድርጋ፣ በዚያችው ጠባብ ጓዳ ጥግ ምንጣፏን አንጥፋ ሰገደች። ስትጨርስ መዳፏን ዘርግታ ብዙ ቆየች። ለአያቴ እንደነበር አልጠራጠርም።

አዳማ ስንገባ ሊመሽ ነው። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ሰው ከቀብር መልስ ተቀምጧል። እናቴን ሲያዩ እንደገና ተነሥተው ተላቀሱ። እኔን ማንም አላየኝም ብዬ ጥግ ይዤ ነበር። የአያቴ ታላቅ እህት ግን አየችኝ። ሐዘኗ ከብዶባት ነው፣ ዛሬ አልቀየማትም፤ በሰው መሐል በአንቺ የተነሣ እናትሽ እናቷን ሳትቀብር ቀረች አለችኝ። እናቴ ተነሥታ መጣችና አጠገቤ ቆመች።

“እማዬ ቆማ ብታየኝ ኖሮ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ልጅሽስ ብላ ነበር” አለች። “ሳልይዛት ብመጣ ምን እላታለሁ?”

ሽማግሌዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ነገር ማንም በፊቴ አንሥቶት አያውቅም።

በሠልስቱ ማግስት አንዲት ሴት ከአውቶቡስ ወርዳ ቤቱን እያጠያየቀች ድንኳኑ ገባች። ከአዋሽ ምግብ ቤቷን ዘግታ የመጣችው የከሚሴዋ ሴት ናት። ዘመድ ሁሉ ማናት ብሎ ተያየ። እናቴ ጎኗ አስቀመጠቻት።

“እናቴን አብራኝ የቀበረች ናት” አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ስናልፍ እሷ ጋ ሳንገባ አናልፍም ነበር። በበዓላቸው እናቴ ትደውላለች፤ በበዓላችን እሷ ትደውላለች። ስለዚያ ቀን ብዙም አያወሩም። ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ዘይት መወደድ ያወራሉ።

ከአጎቴ ጋር ግን ነገሩ እንዲህ አልቀለለም። እናቴ ከቀብሩ መቅረቷን አልነበረም የተቀየመችው። መንገድ ዳር እናታችን እየጠበቀችሽ ነው ሲለኝ የምወስነውን ሳላውቅ ወሰንኩ ትላለች። አውቄም ቢሆን ወደ ልጄ እመለሳለሁ፤ ግን አውቄ ብመለስ ኖሮ የመረጥኩት እኔ እሆን ነበር ትላለች። አጎቴ ከሎጊያ እኛ ቤት መምጣቱን ተወ። አባቴ በመሐል ሆኖ ብዙ ደከመ። አንድ ጊዜ፣ ዓመት ያለፈው ይመስለኛል፣ እናቴ ራሷ ተነሥታ ሱቁ ድረስ ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልነገረችንም። ማታ አብሯት መጥቶ እራት በላ፤ ወንድሜን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አመሸ።

እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ በቤታችን መርዶ እንዳይደበቅ ከለከለች። ዘመድ ምን ቢል አልሰማችም።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አባቴ በልብ ሕመም ሰመራ ዐረፈ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። እናቴ ጠዋት ደወለችልኝና አጠገቤ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። የክፍል ጓደኛዬ አለች አልኳት። ቁጭ በይ አለችኝ።

“አባትሽ ሌሊቱን ዐረፈ፣ ልጄ። ነይ። ሳትመጪ አንቀብረውም።”

እሷ ስልኩን አልዘጋችም፤ እየሰማችኝ አለቀስኩ። ከኋላዋ ሰዎች እንዴት በስልክ ትነግሪያታለሽ እያሉ ሲቆጧት ይሰማኛል።

ጓደኛዬ አብራኝ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ አልተደበቅሁም። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ዘወር ብለው ለቅሶው የማን ነው አሉኝ። የአባቴ ነው አልኳቸው። ነጠላቸውን አውልቀው አለበሱኝ፤ ይውሰዱ ብዬ ስመልስላቸውም እንቢ አሉ። ሾፌሩ ሰምቶ ሙዚቃውን አጠፋው።

ቤት ስደርስ ጓሮውና ደጁ በሰው ተሞልቷል። አባቴ በነጭ ተገንዞ መሐል ቤት ነበር። እናቴ ራስጌው ተቀምጣለች። ስታየኝ አልተነሣችም። ትንሽ ገፋ ብላ ከጎኑ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ሄጄ ተቀመጥኩ።